ቦርሳውን ክፈቱት

ባለፈው እሁድ ቡና ላይ የእህቴ ልጅ ስልኩን አቀበለኝና «ጋሼ፣ ይሄ ባንክ 32 በመቶ አትርፏል፤ አክሲዮኑን ልግዛ?» አለኝ። 31 ዓመት በባንክ ሂሳብ ክፍል የሠራሁ ሰው ነኝ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህችው ቁጥር ላይ ስለሆነ መልሴን ለእናንተም ልጻፈው።

መጀመሪያ የጠየቅሁት «32 በመቶ የምኑ?» ብዬ ነው። ዝም አለ። ይህ መቶኛ የሚሰላው አክሲዮኑ ላይ በተጻፈው ዋጋ ነው፣ ይኸውም 1,000 ብር። እሱ ግን ከሰው ላይ የሚገዛው 1,600 ብር ከፍሎ ነው። 320 ብር ለ1,600 ሲካፈል 20 በመቶ ይሆናል። ያውም ሁሉም እጁ አይገባም። ሕጋዊ መጠባበቂያው (ሕግ ለክፉ ቀን እንዲቀመጥ የሚያዘው ብር) ከካፒታሉ፣ ማለትም ባለአክሲዮኖች ካዋጡት ብር ጋር እስኪስተካከል ድረስ ባንክ ከተጣራ ትርፉ ቢያንስ ሩቡን እዚያ ማስቀመጥ አለበት። 240 ብር ቀረ፤ 15 በመቶ ማለት ነው። ከዚያ ላይ ደግሞ የትርፍ ድርሻ ግብር ይቆረጣል። ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ሌላም አለ። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር ሲያደርገው፣ የባንኩ ካፒታል እንዲሞላ ብዙ ባለአክሲዮን የትርፍ ድርሻውን በጥሬው ሳይሆን በተጨማሪ አክሲዮን ነው የወሰደው። ክፉ ነገር አይደለም። ግን በዚያ ብር የቤት ኪራይ ሊከፍል ያሰበ ሰው ጉድ ሆኗል። የዕቁብ፣ የኪራይ፣ የሕክምና ብር አክሲዮን ውስጥ አይገባም። የብድር ብርማ አታንሱብኝ።

እኔስ? በ2001 ዓ.ም. ገና በምሥረታ ላይ የነበረ አንድ አክሲዮን ማኅበር ውስጥ 40,000 ብር አስገባሁ። አስተባባሪው አንደበተ ርቱዕ ነበር፣ ብሮሹሩም ያብለጨልጫል። የሌላውን ሰው ሂሳብ ስመረምር የምውል ሰውዬ፣ «መውጣት ብፈልግ አክሲዮኑን ማን ይገዛኛል?» ብዬ አልጠየቅኩም። ማኅበሩ ሥራ ሳይጀምር ቀረ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ግማሹን አገኘሁ። ባለቤቴ እስከዛሬ ታነሳብኛለች።

ይህ የመውጫ ጥያቄ አሁን የተሻለ መልስ አለው። እስከ ቅርብ ጊዜ አክሲዮን ለመሸጥ ገዢውን ራስህ ፈልገህ፣ ዋጋ ተከራክረህ፣ ወረቀት ይዘህ ስትመላለስ ትውል ነበር። በጃንሆይ ዘመን አክሲዮን የሚገበያዩበት መድረክ ነበር፤ ደርግ በ1967 ድርጅቶቹን ሲወርስ አበቃ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ሲከፈት አክሲዮኑን ለግብይት በማስመዝገብ የመጀመሪያው ወጋገን ባንክ ሆነ። እዚያ የምትገዙት በካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ባለው ብሮከር (ገዢና ሻጭን የሚያገናኝ ደላላ) በኩል ነው። በቴሌግራም «ቀን በቀን ትርፍ» የሚላችሁን ሰው ፈቃድህን አሳየኝ በሉት፤ ወዲያው ብሎክ ያደርጋችኋል።

ግን ገበያ ተከፈተ ማለት ሁልጊዜ ገዢ አለ ማለት አይደለም። የተመዘገቡት ጥቂት ናቸው። መሸጥ በፈለጋችሁበት ቀን ባሰባችሁት ዋጋ የሚገዛ ላይኖር ይችላል።

በትንሹ መጀመር አያሳፍርም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 አክሲዮኑን በቴሌብር ሲሸጥ አንዱ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር። 9,900 ብር መሆኑ ነው። ለመማሪያ የሚሆነው እንዲህ ያለ፣ ቢቀርም እንቅልፍ የማይነሳ ብር ነው።

የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሁሌ የሚገርመኝ ነገር አለ። በር ላይ ቦርሳ ይታደላል፤ ውስጡ ዓመታዊ ሪፖርት አለ። ሰው ምሳውን ይበላል፣ ስለ ትርፍ ድርሻ ይጮሃል፣ ቦርሳውን ይዞ ሪፖርቱን ወንበር ላይ ትቶ ይሄዳል። እኔ እየለቀምኩ ቤት አምጥቼ ቁም ሳጥኑን ሞልቼዋለሁ። በፎቶ ያጌጡትን የፊት ገጾች ዝለሉ። የውጭ ኦዲተሩን አስተያየት አንብቡ። ከዚያ የሦስት ዓመት ትርፍ ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ የአክሲዮኑም ቁጥር አብሮ አድጎ እንደሆነ እዩ። ትርፉ በእጥፍ አድጎ አክሲዮኑ በሦስት እጥፍ ከበዛ የእናንተ ድርሻ ቀንሷል።

ለልጁ ሁለት ሪፖርት ሰጥቼው ሄደ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደወለ። «ጋሼ፣ ይሄ ለተበላሸ ብድር የተያዘ መጠባበቂያ የሚሉት ምንድነው? ካምናው በጣም ጨምሯል።»

«ቅዳሜ ና» አልኩት፤ «እስከዚያ እንዳትገዛ።»