ስለ አምባዛ አበላል ጠይቁኝ

ዛሬ ከሰዓት ፒያሳ ቁጭ ብዬ እየመለስኩ ነው። ከቆቃና ከአዋሽ የያዝኩትን አምባዛ ሆዱን ሳልከፍት አልጥልም፤ የማውቀውን ያወቅኩት ከዚያ ነው። ከሁሉ በፊት ግን በከተማችን ከሚያልፉ ወንዞች፣ ቀበናም ይሁን አቃቂ፣ የተያዘ ዓሣ አትብሉ።

ከአራት ኪሎ፦ ጋሼ፣ አምባዛ ቆሻሻ በላ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ይህ አባባል ያሳዝነኛል። አምባዛ ያገኘውን ይበላል እንጂ ቆሻሻ መርጦ አይበላም። ቆቃ ላይ ክንድ የሚያህል አምባዛ ይዤ ጨጓራውን በምላጭ ስሰነጥቀው በመጀመሪያ የወጣው እንደ ቀይ ክር የተጠላለፈ የነፍሳት እጭ ነው። ከሥሩ ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚባለው ዓሣ አከርካሪና ገና ያልሟሟ ቅርፊት፣ ጥቂት የሣር ዘር፣ ጭቃም ነበረ። ጭቃው እጩን ከወለሉ ሲለቅም አብሮ የገባ ነው። ትንሹ አምባዛ የሚበላው በዓይን የማይለዩ የውሃ እንስሳትንና እጭን ነው፤ ሲያድግ ዓሣ ይጨምራል። ትልቁም ቢሆን ደቃቁን አይተውም። ስንጥቡን፣ የሚተነፍስበትን ማለቴ ነው፣ ገልጣችሁ እዩት፤ እንደ ሚዶ ጥርስ የተደረደሩ ዘንጎች አሉ። ዓሣው ባደገ ቁጥር ይበዛሉ፤ እስከ 110 ይደርሳሉ። ደቃቁን ከውሃ አጣርቶ የሚያስቀረው በእነሱ ነው።

ከካዛንቺስ፦ ለማጥመድ ምን ልጠቀም?

የት? ቀን ነው ማታ? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። ትል፣ ጉበት፣ የዓሣ ቁራጭ፤ ሽታ ያለው ይሁን።

ከጎላ፦ ለምን ማታ ይሻላል?

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ዓይኑ ትንሽ ነው፤ ምግቡን የሚያገኘው በ4 ጥንድ ጢሙ እየዳሰሰና እያሸተተ ስለሆነ ጨለማ አይከለክለውም። ብቻውን ብቻ ያድናል ብላችሁ ግን እንዳታስቡ። ቦትስዋና ውስጥ፣ የኦካቫንጎ ወንዝ ውሃ ሲጎድል፣ በመንጋ ሆኖ ወንዙን ሽቅብ ይወጣል። የደንገሉን ሥር በጅራቱ እየመታ የተደበቁትን ትናንሽ ዓሦች ያስወጣና ይበላቸዋል። አምባዛ ደነዝ ነው የምትሉ ይህን አስቡ።

ከአምስት ኪሎ፦ ቅርፊት የሌለው ዓሣ እኮ በኦሪት ዘሌዋውያን 11 ተከልክሏል። ስለ አበላሉ ምን ያጨቃጭቀናል?

ከጎላ፦ ያ ለኦሪት ሰዎች ነው። ባሕር ዳር ስንቱ ይበላዋል!

ከአምስት ኪሎ፦ ስንቱ ስለበላው ተፈቀደ ማለት ነው?

ቅርፊት የለውም፤ እሱ እውነት ነው። ሌላውን የንስሐ አባቶቻችሁን ጠይቁ። ወደ ዓሣው እንመለስ።

ከካዛንቺስ፦ ጓደኛዬ ከአቃቂ አምባዛ ይዞ መጣ። በደንብ ቢጠበስስ?

መጀመሪያ ላይ ተናግሬአለሁ፤ አትብሉ። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣ ክሮሚየም የሚባል ብረት በእሳት አይጠፋም። መጥበሻው ጀርም ይገድላል፣ ብረት አያወጣም።

ከአራት ኪሎ፦ ጓሮዬ ባለው ገንዳ የቄራ ትርፍራፊ ብሰጠውስ?

ይበላዋል፤ አደጋው እሱ ነው። የተረፈው አንጀት ይበሰብስና የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ቆሮሶ ቢሆን ቀድሞ ሞቶ ያስጠነቅቅህ ነበር። አምባዛ ግን ወደ ላይ ብቅ እያለ አየር ስለሚተነፍስ ውሃው ደህና ይመስልሃል፤ የምትነቃው ቆዳው ሲቆስል ነው። ፕሮቲኑ ከ35 እስከ 40 በመቶ የሆነ መኖ ስጠው፤ በጥቂት ደቂቃ የሚጨርሰውን ያህል ብቻ።

ከጎላ፦ ጫጩቶቼ በየቀኑ ይቀንሳሉ፤ ሬሳ ግን አላየሁም።

ሬሳ የማታየው እርስ በርሳቸው ስለሚበላሉ ነው። ቀድሞ ያደገው ታናሹን ይውጠዋል። ገንዳው ውስጥ ከሌሎቹ በግልጽ የሚበልጡ አሉ?

ከጎላ፦ አራት አምስት አሉ።

እነሱን ዛሬ ማታ ሳትመግባቸው እንዳታድር፤ ሲነጋ ደግሞ በወንፊት አውጥተህ ሌላ ገንዳ አስገባቸው። ከሳምንት በኋላ እንደገና ለያቸው። የተረፉብህን ወንዝ አትልቀቅ።