ማዘዣው ላይ የምትፈርሚው አንቺ ነሽ

ሰላም እህቴ። ደብዳቤሽን አንብቤዋለሁ። የጥርስ ሕክምና አምስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። ፋርማኮሎጂን፣ ማለትም የመድኃኒቱን ትምህርት፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ ኤ አምጥተሽ አልፈሻል። አሁን ግን ታካሚ ፊት ማዘዣ ስትይዢ ጭንቅላትሽ ባዶ ይሆናል። ሲኒየሩ «አሞክሳሲሊንና አይቡፕሮፌን ጻፊላት» ይልሻል፣ ትጽፊያለሽ፣ ለምን እንደሆነ አታውቂም። «ለዚህ ሙያ አልተፈጠርኩም መሰለኝ» ብለሻል። አጎትሽ ደግሞ እንደተመረቅሽ ክሊኒክ ሊከፍቱልሽ ቤት እያፈላለጉ ነው።

እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ዘጠኝ ዓመት መድኃኒት ቤት ቆሜያለሁ። የጥርስ ማዘዣ ገና ሳይዘረጋ አውቀው ነበር። ሁለት አንቲባዮቲክ (አሞክሳሲሊን 500 እና ሜትሮኒዳዞል)፣ ማስታገሻ። የሃያ ዓመት ልጅም ይምጣ የሰባ ዓመት አዛውንት፣ ያው ነው። አንድ ቀን ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የሚወስዱ አባት ሜትሮኒዳዞል ታዞላቸው መጡ። ሜትሮኒዳዞል የዋርፋሪንን ጉልበት ስለሚጨምር ደም መፍሰስ ሊያመጣ ይችላል። ወረቀቱን የጻፈው ሐኪም ጋ ደወልኩ። «ለጥርስ እኮ ነው» አለኝ። ያ ሐኪም እንዳንቺ ተጨንቆ ደብዳቤ ቢጽፍ ኖሮ ደስ ባለኝ።

ስለዚህ አለመፈጠር የምትይውን ተዪው። ችግሩ መድኃኒቱን አንድ ዓመት፣ ጥርሱን ሌላ ዓመት መማርሽ ነው። መሀሉን ያገናኘልሽ የለም። አንቺው ታገናኚዋለሽ።

ከየትኛው መድኃኒት በፊት «መድኃኒት ያስፈልጋታል ወይ?» ብለሽ ጀምሪ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመድኃኒት አስተዛዘዝ መመሪያም የሚጀምረው ከታካሚው ችግርና ከሕክምናው ዓላማ ነው። ነርቩ ተቆጥቶ ሌሊት የሚያስጮህ ጥርስ አንቲባዮቲክ አያስታግሰውም። ጥርሱ ተከፍቶ መታከም ወይም መነቀል አለበት። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበርም በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ጤነኛ ለሆነ አዋቂ ሕክምናው እዚያው የሚሠራለት ከሆነ አንቲባዮቲክ እንዳይሰጥ ይመክራል። እብጠቱ ሲሰፋ፣ ትኩሳት ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ቀጥሎ ትንሽ ደብተር ያዢ። የጥርስ ሐኪም በየቀኑ የሚጠቀማቸው መድኃኒቶች ከአሥር ብዙም አይበልጡም። ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ ስጪ፤ መጠኑን፣ ለማን እንደማይሰጥ፣ ከምን ጋር እንደማይስማማ። አይቡፕሮፌን ገጽ ላይ የጨጓራ ቁስል፣ አስም፣ ኩላሊት፣ የመጨረሻ ወራት እርግዝና ይኑሩ። ማደንዘዣውንም እንደ መድኃኒት ቁጠሪው። ባለ 2 በመቶው ማደንዘዣ ሊዶካይን፣ 1.8 ሚሊ ሊትር የሚይዘው አንዱ ካርትሪጅ (መርፌው ላይ የሚገባው ብልቃጥ) 36 ሚሊ ግራም አለው። በኪሎ 4.4 ሚሊ ግራም ብለሽ ስታሰይ 15 ኪሎ ለሆነ ልጅ ጣሪያው 66 ነው። ሁለት ካርትሪጅ እንኳ አይሞላም። ይሄን መርፌውን ሳታነሺ አስይው።

ክረምት ላይ ደግሞ አንድ ወር ሆስፒታል ፋርማሲ ውስጥ ልቁም ብለሽ ጠይቂ። (ይሄን የሚያስብለኝ የድሮ ሥራዬ መሆኑን አልክድም።) የሌሎችን ማዘዣ ከባንኮኒው ወዲህ ሆነሽ ስታነቢ የራስሽ እጅ ይፈታል።

የአጎትሽን ነገር በግልጽ ልንገርሽ፤ እምቢ በያቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ ገንዘቡም የሳቸው ነው፣ ፊርማው ግን ያንቺ ነው። ኪራይ የሚጠብቅ ክሊኒክ ውስጥ «አንቲባዮቲክ ካልጻፍሽልኝ ሌላ ጋ እሄዳለሁ» የሚል ታካሚ ሲመጣ ገና የተመረቀ ሰው ይጽፋል። አይቻለሁ። የመንግሥት ሆስፒታል ደሞዝ እንደማያወላዳ አውቃለሁ። ቢሆንም ሁለት ዓመት የሚጠይቁት ሰው ባለበት ቤት ሥሪ። «ይሄን ሁሉ ያስተማርንሽ ለዚህ ነው?» ካሉሽ አዎ በያቸው።

ስለ መውጫ ፈተናው አትስጊ፣ በዚህ ውጤትሽ ታልፊዋለሽ። ዱባይ ሄዶ መሥራትም ቢሆን የሥራ ልምድ ሳትይዢ ብዙ አያራምድሽም።

ነገ ሲኒየሩ «አሞክሳሲሊን ጻፊላት» ሲልሽ «ዶክተር፣ እብጠትም ትኩሳትም የላትም፣ ለምንድነው?» ብለሽ ጠይቂው። ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ።