ኦቲዝም ላለበት ልጄ ትምህርት ቤት አጣሁ ላልሽው

እህቴ፣ የ6 ዓመት ልጅሽን ሁለት ትምህርት ቤቶች እንደመለሱት፣ ማዕከሎቹም ተራ ጠብቂ እንዳሉሽ ጽፈሻል። በጣም ያናድዳል! ግን ከተራው እንዳትወጪ። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም፣ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከልም ጋ ተመዝገቢና በየጊዜው እየደወልሽ አስታውሻቸው፤ ዝም ካልሽ ይረሱሻል።

እስከዚያው ወረዳችሁ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂጂና የልዩ ፍላጎት ክፍል ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት የት እንዳለ ጠይቂ። የሐኪም ወረቀቱን ያዢ። «አንቀበልም» ካሉሽ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጡሽ፣ በአፍ ብቻ ተብሎ የቀረ ነገር ለአቤቱታ አይሆንም። ክፍሉን ሳታዪ ግን አታስመዝግቢው። መምህሯ ስንት ልጅ እንደያዘች፣ ሽንት ቤት ማን እንደሚወስደው፣ ሲረበሽ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቂ። ጥግ ላይ አስቀምጠው የሚያውሉት ከሆነ ይቅርብሽ።

ቤት ውስጥም ብዙ ነገር ይሠራል። የራሱን ኩባያ፣ ጫማና ሽንት ቤቱን በስልክሽ አንሺና አሳትመሽ በቁመቱ ልክ ግድግዳ ላይ በቅደም ተከተል ለጥፊለት። ሙዝና ዳቦ አሳይተሽው እስኪጠቁም ጠብቂ፣ ቸኩለሽ አትስጪው፤ መናገር የሚጀምሩት በአፍ ብቻ አይደለም። የእኔዋ ልጅ በጣቷ ነው የጀመረችው።

ጆሮውስ በደንብ መስማቱ ተመርምሯል? ካልሆነ እሱን አስቀድሚ። ክፍለ ከተማሽን ንገሪኝና እዚያ አካባቢ ያሉ ወላጆችን ላገናኝሽ።