ለሐረሯ እህታችን፦ ስለ ፔዳሉና ስለ ጉልበት ሊቨሩ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ዘመድ ከአሜሪካ ባመጣልሽ ፔዳል ስቲል ጊታር ላይ (ተቀምጠው የሚጫወቱት፣ የክሮቹ ድምፅ በእግርና በጉልበት የሚለወጥበት ጊታር ነው) ሦስት ፔዳልና አራት የጉልበት ሊቨር አለ። ሊቨሩን በጉልበትሽ ስትገፊ እግርሽ ከፔዳሉ ይነሳል። ፔዳሉን ስትረግጪ ደግሞ ድምፁ ይዛባል። ከየቱ ልጀምር ብለሻል። እኔ እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ያለ አስተማሪ ዘጠኝ ዓመት ተጫውቼዋለሁ። የደረሰብኝን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ወንበርሽን እዪው። የመጀመሪያው ዓመቴ ያለቀው ቤት ባገኘሁት የፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው። ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉልበቴ ተሰቅሎ ነበር የምጫወተው። ጉልበት ከተሰቀለ ሊቨር ለመግፋት እግርን ማንሳት ግድ ይላል። በኋላ አናጢ ቤት ሄጄ ከፍ ያለ መቀመጫ አሠራሁ። ችግሩ በዚያው ሳምንት ቀለለልኝ። ጭንሽ ከወለሉ ጋር እኩል ይጋደም። ተረከዝሽ ወለል ይንካ። ተረከዝሽን ተክለሽ እግርሽን ትንሽ ስታዞሪ ጉልበትሽ ራሱ ወደ ሊቨሩ ይሄድልሻል።

ልብስም ነገር አለው። የድሬን የከሰዓት ሙቀት ታውቂዋለሽ፣ ቤት ውስጥ ሁላችንም በሽርጥ ነን። በሽርጥ ስጫወት ጨርቁ ሊቨሩ ላይ ይያዛል፣ ጉልበቴም እንደልብ አይከፈትም። አንቺም በድሪያ የምትቀመጪ ከሆነ ለልምምዱ ሱሪ ልበሺ። ነጠላ ጫማ ፔዳሉ ላይ ይንሸራተታል። ሶሉ ስስ የሆነ ሸራ ጫማ ይሻላል፣ ፔዳሉ ከእግርሽ ሥር ይታወቅሻል።

መኪና ነድተሽ ከሆነ ነገሩ አዲስ አይሆንብሽም። ግራ እግር ፍሪሲዮን ላይ፣ ቀኝ እግር ነዳጅ ላይ ነው። እዚህም ግራው በፔዳሎቹ፣ ቀኙ ለብቻው ባለው፣ ድምፁን ከፍና ዝቅ በሚያደርገው ቮሊዩም ፔዳል ላይ ይሠራል። ፍሪሲዮን ባንዴ ከተለቀቀ መኪናው ይዘላል። ይሄም እንደዚያው ነው። በቀስታ ትረግጪያለሽ፣ በቀስታ ትለቂያለሽ።

ይህቺ ቀስታ ለኔ ትልቋ ነገር ናት። ድሮ ብዙዎች ፔዳሉን የሚጠቀሙት ከአንድ ኮርድ (አብረው ከሚመቱ ድምፆች) ወደ ሌላ ለመሻገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 በወጣ አንድ የአሜሪካዊው ካንትሪ ዘፋኝ የዌብ ፒርስ ዘፈን ላይ፣ ፔዳል ስቲል ተጫዋቹ ባድ አይዛክስ ክሩ እየጮኸ እያለ ፔዳሉን ረገጠው። አንዱ ድምፅ ባለበት ቆሞ ሌላው ሲሳብ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ይህን ድምፅ ፈለገው። እኛ ደግሞ ለዚህ ድምፅ ባዳ አይደለንም። መሰንቆ ተጫዋች ጣቱን ሳያነሳ ድምፁን ሲስበው ሆድሽን የሚያባባው ያ ነገር ነው።

ስለዚህ ሰባቱን ባንዴ አትለማመጂ። በአንድ ፔዳልና በአንድ ክር ጀምሪ። በቅድሚያ ግን የትኛው ፔዳል የትኛውን ክር እንደሚስብ እያየሽ አረጋግጪ። ባለ 10 ክር ሆኖ ኢ ናይን በሚባለው ቅኝት ከተቃኘ፣ በታዋቂው ተጫዋች በበዲ ኤመንስ አደራደር ከግራ አንደኛው ፔዳል 5ኛውንና 10ኛውን ክር በሙሉ ድምፅ (ከዶ እስከ ሬ ያህል) ያነሳል። ሁለተኛው 3ኛውንና 6ኛውን በግማሽ ድምፅ (ከሚ እስከ ፋ ያህል) ያነሳል። በሌላው ተጫዋች በጂሚ ዴይ አደራደር ግን ቅደም ተከተሉ ከቀኝ ወደ ግራ ነው። የምጽፍልሽ በኤመንሱ ነው።

አሁን ባሩን (በግራ እጅ ክሮቹ ላይ የሚያዘውን ብረት) 8ኛው ፍሬት፣ ማለትም ከክሮቹ ሥር ያለው 8ኛው መስመር ላይ አድርጊና አታንቀሳቅሺው። 8ኛው ክር ዶ ነው፣ 7ኛው ሬ፣ 6ኛው ሚ፣ 5ኛው ሶል። 5ኛውን መተሽ አንደኛውን ፔዳል ስትረግጪ ሶሉ ወደ ላ ይወጣል። 4ኛው ክር ላይኛው ዶ ነው። ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። ትዝታ ይሄው ወጣልሽ፣ ያውም ባሩ ሳይነቃነቅ። ይህን ሳገኝ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። ከሶል ወደ ላ የምትሄደው ያቺ መንገድ ላይ ቆዪ። አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት እያደረግሽ ርገጪ። ሳምንት ሙሉ ይህን ብቻ ብትጫወቺ አይበዛም።

ቀጥሎ ባቲን ሞክሪ። ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ ነው። ፋ የምትገኘው 6ኛውን ክር መተሽ ሁለተኛውን ፔዳል ስትረግጪ ነው። ሲ በ2ኛው ክር ላይ አለች፣ እኔ ግን በጉልበት ሊቨሩ ማውጣት እወዳለሁ። በኔ መሣሪያ ግራ ጉልበቴን ወደ ቀኝ ስገፋ 4ኛውና 8ኛው ክር በግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ። ሊቨሩ ተገፍቶ እያለ 4ኛውን ክር ምቺው፣ ሲ ይላል። ሊቨሩን ቀስ ብለሽ ልቀቂው፣ ወደ ዶ ይወጣል። አምባሰልም ይወጣል፣ ግን አንደኛውን ፔዳል ግማሽ ድረስ ብቻ መርገጥ ይጠይቃል። እሱ ከባድ ስለሆነ ለጊዜው ተዪው። የቀኝ ጉልበት ሊቨሮችንም እንደዚሁ።

እግርና ጉልበት አብረው እንዲሠሩ የረዳኝ ልምምድ ይሄ ነው። ባሩን 3ኛው ፍሬት ላይ አድርጊና 4ኛ፣ 5ኛና 6ኛ ክሮችን ምቺ። ጂ ኮርድ ነው። ወደ 6ኛው ፍሬት ስትሄጂ አንደኛውን ፔዳል ርገጪ፣ ግራ ጉልበትሽንም 4ኛውንና 8ኛውን ክር ወደሚያነሳው ሊቨር ግፊ። በኔ ላይ ወደ ግራ ነው። አሁንም ጂ ነው። ወደ 10ኛው ስትሄጂ ጉልበትሽን መልሺና ሁለተኛውን ፔዳል ጨምሪ። አሁንም ጂ። ሁለቱን ፔዳሎች የምትረግጪው በአንዱ እግር ነው፣ ጫማሽ በሁለቱ ላይ ይዘርጋ። ቁርጭምጭሚትሽን ወደ ግራ ስታጋድዪ ሁለተኛው ብቻውን ይለቀቃል፣ ጉልበትሽም አብሮ ወደ ግራ ይሄዳል። ፔዳሉና ሊቨሩ የተሠሩት አብረው እንዲሄዱ ነው። መጀመሪያ ያለ ድምፅ፣ እግርሽን እያየሽ አድርጊው።

ስለ መዛባቱ። ምንም ሳትረግጪ ክሩን በራስጌው መቃኛ ቃኚው። ከዚያ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጠሽ ያዢና በሌላው ጫፍ፣ በቀኝ እጅሽ በኩል ባሉት ትንንሽ የናይሎን ዳዶዎች የተነሳውን ድምፅ ቃኚ። የተረገጠውን በራስጌው መቃኛ ካስተካከልሽ ያልተረገጠው ይበላሻል። እኔ ወር ሙሉ እንደዚያ ስደክም ከረምኩ። ዳዶውን በፒንሳ አትንኪ። አንድ ጥገና ቤት በፒንሳ አጥብቆ ሰንጥቆብኛል፣ ሌላ እስኪመጣ አምስት ወር ጠበቅኩ።

አየሩም አለ። አንዴ ድሬ ላይ በደንብ ቃኝቼ፣ ደንገጎን ወጥቼ እናንተ ጋ ሠርግ መጣሁ። ከመኪናው ሳወርደው ብርዱ ክሮቹን ሁሉ ከፍ አድርጓቸዋል። ግማሽ ሰዓት ክፍሉን ይልመድ፣ ከዚያ ቃኚው። 3ኛውን ክር ስታከሪ ተጠንቀቂ። ከሁሉም ቀጭን ነው፣ ቶሎ የሚበጠሰውም እሱ ነው። ሁለት መጠባበቂያ አለኝ። ከተበጠሰብሽ ጻፊልኝ፣ በሚኒባስ እልክልሻለሁ።