«ዊ ሚስት ዘ ቦት» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ እንግዶችን በጀልባ ወደ ዘጌ ገዳማት አስጎበኛለሁ። በጥር መጨረሻ የመጡ ሁለት እንግዶች ስለ ጥምቀት ስነግራቸው «ዊ ሚስት ዘ ቦት» አሉኝ። «አይዟችሁ፣ ሌላ ጀልባ ሞልቷል፣ አሁኑኑ እንነሳለን» ስላቸው ተያይተው ፈገግ አሉ። ምን ማለታቸው ነበር?

መልስ፦ ቃል በቃል «ጀልባው አመለጠን» ማለት ቢሆንም (We missed the boat)፣ የተናገሩት ስለ ጀልባ ሳይሆን ስለ በዓሉ ነው። ጥር 11 ካለፈ በኋላ ስለደረሱ «ጥምቀት አመለጠን» ማለታቸው ነበር። የምዝገባ ቀን ሲያልፍ ወይም ዋጋው ርካሽ ሳለ ሳይገዙ ሲቀሩም ይባላል።

እርስዎ ጀልባ አጠገብ ስለሚውሉ መሳሳትዎ አይገርምም። ፍቺውን ለመለየት የሚረዳው ከ«ቦት» በፊትና በኋላ ያለው ቃል ነው። «ዘ ቦት ቱ ዘጌ» ወይም «አወር ቦት» ካሉ ጀልባቸው ጥሏቸው ሄዷልና ሌላ ይፈልጉላቸው። «ዘ ቦት» ብለው ካቆሙ፣ ወይም «ኦን» ብለው ሌላ ጉዳይ ካነሱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለፈ ዕድል ነው። በ«ዘ» ፈንታ «ኤ» ከገባ ግን ፈሊጥነቱ ይጠፋል።

ራስዎ ሲናገሩት የሚያሰናክለው የአማርኛ ልማዳችን ነው። እኛ ጋ የሚያመልጠው ጀልባው ነው፤ «ጀልባው አመለጠኝ» እንላለን። ይህንኑ ይዞ «ዘ ቦት ሚስት ሚ» ያለ ሰው፣ ሰሚው «ጀልባው ሊገጨኝ ሲል ለጥቂት ሳተኝ» ወይም «ጀልባው ‹ናፈቅኸኝ› አለኝ» ብሎ ሊረዳው ይችላል። እንግሊዝኛው ከሰውየው ይጀምራል። ጊዜውም ኃላፊ ይሁን፤ «አይ ሚስ ዘ ቦት» ካሉ «ጀልባው ናፍቆኛል» ይመስላል። አነባበቡ «ሚስድ» አይደለም፤ ባለትዳሯን ሴት «ሚስት» እንደምንለው ነው፣ «ት»ው ጥርት ብሎ ይሰማ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ቅርብ ቢመስልም ወቀሳ አለበት፤ የእንግሊዝኛው ለስለስ ያለ ስለሆነ ሰው ስለ ራሱም ይናገረዋል። ለሥራ ማመልከቻ ግን አይሆንም፣ የጨዋታ ቋንቋ ነው።

እንደዚያ ላሉ እንግዶች የሚጠቅማቸው የሚቀጥለውን ቀን መንገር ነው። ጥምቀት በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19 ይውላል፤ ጳጉሜ 6 ቀን በሆነች ማግስት ባለው ዓመት ግን ጃንዋሪ 20 ነው። ከተራውን ማየት ከፈለጉ ከዚያ በአንድ ቀን ይቅደሙ።