መልስ፦ ለካፌ አስተናጋጆች የሚሆን የእንግሊዝኛ መነጋገሪያ እንዴት ይታረም?

እህቴ፣ ለፒያሳና ለአራት ኪሎ ካፌ አስተናጋጆች የምታዘጋጂውን የእንግሊዝኛ መነጋገሪያ መጽሐፍ በምን መመዘኛ ላርመው ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ንግግሩ በእርግጥ እዚያ የሚባል መሆኑን ነው። አስተናጋጇ ስለ ማኪያቶ፣ ስለ ጾም ምግብና ስለ ሂሳብ እንጂ ስለ ለንደን አየር ጠባይ አታወራም። ደንበኛውም መጽሐፉ ላይ እንደተጻፈው አይመልስም፤ ስለዚህ «አልሰማሁዎትም»፣ «ቀስ ብለው ይንገሩኝ»፣ «ጠይቄ ልምጣ» የሚሉትን በየምዕራፉ አስገቢ። ብዙ መነጋገሪያዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ተማሪው የሸመደደው ሲያልቅበት ዝም ይላል።

ሰዓት ላይ አደራ ተጠንቀቂ። የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት በእንግሊዝኛ 8 ነው። የ6 ሰዓቱ ልዩነት በምሳሌ ካልተብራራ እንግዳው ቀጠሮው ያልፈዋል። ቀን ሲጻፍም የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይገለጽ።

አነባበቡን በፊደላችን መጻፍ ጥሩ ነው፤ ግን ምላስ በጥርሶች መሀል ወጣ ብሎ የሚነገረውን የእንግሊዝኛውን «th» ድምፅ ፊደላችን ስለማይዘው የድምፅ ቅጂ ጨምሪበት። ደረጃው በአውሮፓው የቋንቋ መለኪያ ከኤ2፣ ማለትም ከጀማሪነት ቀጥሎ ካለው ሁለተኛ ደረጃ፣ ባይበልጥ ይሻላል።

ከማሳተምሽ በፊት አንዲት አስተናጋጅ ጮክ ብላ ታንብብልሽ። የተደናቀፈችበትን ዓረፍተ ነገር አሳጥሪው።