ስለ ሪያል ማድሪድ የ1955-56 ዘመን የፈለጋችሁትን ጠይቁ

አሮጌ ጋዜጣ፦ ቃሌን አክብሬ መጥቻለሁ። የዛሬው ርዕስ አንድ ነው፤ ሪያል ማድሪድ በ1955-56፣ የመጀመሪያውን የአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ የበላበት ዘመን። አስቀድሜ ሁለት ነገር ላስጠንቅቅ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ደግሞ ያኔ ላሸነፈ የሚሰጠው 2 ነጥብ እንጂ 3 አይደለም። በሦስት እያባዛችሁ እንዳትመጡብኝ። ስለ ዘንድሮ ዝውውር የሚጠይቅ ካለ ሌላ ቤት ይሂድ።

ቀኝ መስመር፦ ጋሼ እንደምን አመሹ። ያን ዓመት ማድሪድ ሊጉንም በልቷል አይደል?

አሮጌ ጋዜጣ፦ አልበላም! ሦስተኛ ነው የወጣው። ሁሉም ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ሊጉ 16 ክለብ፣ 30 ጨዋታ ነበር። አትሌቲክ ቢልባኦ 48 ነጥብ፣ ባርሴሎና 47፣ ማድሪድ 38። ላሸነፈ 2 ነጥብ በሚሰጥበት ዘመን በ10 ነጥብ መበለጥ ማለት አምስት ድል ማለት ነው። ያውም የማድሪዱ አጥቂ ዲ ስቴፋኖ በ24 ጎል ኮከብ ግብ አግቢ ሆኖ።

ስለ ቢልባኦ ማንም ስለማይጠይቀኝ ራሴ ልናገር። የባስክ ልጆች ብቻ የሚጫወቱበት ክለብ ነው፤ ያኔም፣ ዛሬም። በረኛው ካርሜሎ፣ መሀል ተከላካዩ ጋራይ፣ ግራ ክንፉ አንጋፋው ጋይንሳ። አሰልጣኙ ፈርዲናንድ ዳውቺክ ነው። አዎ፣ የባርሴሎናው ኮከብ ተጫዋች የኩባላ የሚስቱ ወንድም። ሊጉን በአንድ ነጥብ ነጠቁ። በዚያው ዓመት የስፔንን ዋንጫም አትሌቲኮ ማድሪድን 2-1 ረትተው ወሰዱ። በስፔን ምድር ያ ዓመት የማን ነው ካላችሁኝ፣ የቢልባኦ ነው።

ነጭ ማልያ፦ ሦስተኛ ከወጣ እንዴት አውሮፓ ዋንጫ ገባ ታዲያ?

አሮጌ ጋዜጣ፦ የ1954-55 ሻምፒዮን ስለነበረ። ውድድሩ የሚጀምረው ባለፈው ዓመት ውጤት ነው፣ እንደ ዛሬው። ደግሞ ያኔ ሁሉም ተሳታፊ ሻምፒዮን አልነበረም። ሐሳቡ የፈረንሳዩ የሌኪፕ ጋዜጣና የጋዜጠኛው የጋብሪኤል አኖ ነው። በዲሴምበር 1954 የእንግሊዙ ዎልቭስ የሃንጋሪውን ሆንቬድ 3-2 አሸነፈ፤ የእንግሊዝ ጋዜጦች የዓለም ሻምፒዮን ነን ብለው ፎከሩ። አኖ ደግሞ ‘እስኪ ደርሶ መልስ ተጫወቱና እንያችሁ’ አይነት መልስ ሰጠ። ጋዜጣው 16 ክለብ ጋበዘ። ከስኮትላንድ የሄደው ሂበርኒያን ነው፤ የስኮትላንድ ሻምፒዮን ግን አበርዲን ነበር። የእንግሊዙ ሻምፒዮን ቼልሲ በሊጉ አለቆች ግፊት ቀረ። በምትኩ የፖላንዱ ግቫርዲያ ዋርሶ ገባ።

ባርሳ እስከ ሞት፦ ዲ ስቴፋኖን ከባርሳ ነጥቆ ለማድሪድ የሰጠው የስፔኑ ገዢ ፍራንኮ ነው። ይሄን ለምን አይናገሩም?

አሮጌ ጋዜጣ፦ እሱ የ1953 ጉዳይ ነው። የዛሬው ርዕስ ምንድን ነው አልኩ? ፌዴሬሽኑ ሁለቱ ክለቦች በየዘመኑ እየተፈራረቁ ያጫውቱት ብሎ ወሰነ። ባርሳ ድርሻውን ለቀቀ። ከዚያ ወዲያ ያለው በአንድ መስመር የሚመለስ አይደለም። ቀጥሎ።

ባርሳ እስከ ሞት፦ ለቀቀ ወይስ አስለቀቁት?

ነጭ ማልያ፦ ወንድሜ፣ ለቃችሁ ስታበቁ በዚያው በኦክቶበር 5-0 ቀመሳችሁ። ሰባ ዓመት ሙሉ ለቅሶ?

ባርሳ እስከ ሞት፦ አንተ ሰባ ዓመት ሙሉ የምትኮራበት ልጅ በግማሹ የእኛ ነበር።

አሮጌ ጋዜጣ፦ በቃ። ውጪ ወጥታችሁ ተጨራረሱ። የሚቀጥለው ጥያቄ።

ትርፍ ሰዓት፦ ጋሼ፣ እስከ ፍጻሜ ድረስ ቀላል መንገድ ነበር ይባላል። እውነት ነው?

አሮጌ ጋዜጣ፦ እሰይ! ይሄ ነው ጥያቄ። ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ።

የመጀመሪያው ዙር ቀላል ነበር። የስዊዘርላንዱን ሰርቬትን ጄኔቫ ላይ 2-0፣ ማድሪድ ላይ 5-0። የክለቡን የመጀመሪያ የአውሮፓ ዋንጫ ጎል ያገባው አምበሉ ሚጌል ሙኞስ ነው።

ሩብ ፍጻሜው ላይ ነው ጉዱ። ተጋጣሚው የቤልግሬዱ ፓርቲዛን። የፍራንኮ ስፔንና የቲቶ ዩጎዝላቪያ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት እንኳ አልነበራቸውም። የመጀመሪያው ጨዋታ ማድሪድ ላይ፣ በፈረንጆች ገና ቀን፣ ዲሴምበር 25 1955። 4-0። ካስታኞ ሁለት፣ ጌንቶ አንድ፣ ዲ ስቴፋኖ አንድ። ውጤቱን ብቻ ያየ ሰው አለቀ ይላል። የዛሬ ልጆችም ስልካችሁ ላይ 4-0 አይታችሁ አለቀ ትላላችሁ።

ጃንዋሪ 29፣ ቤልግሬድ። ሜዳው በረዶ ነው። ኳስ የሚንከባለልበት ቦታ የለም፣ ሰው የሚቆምበትም የለም። የደቡብ አሜሪካ ልጆች እዚያ ላይ ምን ያድርጉ? ማድሪድ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ። ሪያል መታ፣ ሳተ። (ኤክቶር ሪያል ተጫዋቹ ነው፤ ክለቡ አይደለም። እንዳትደባልቁ።) ሚሎሽ ሚሉቲኖቪች የሚባል አጥቂ ነበራቸው፤ እሱ ሁለት አገባ፣ ሚሃይሎቪች አንድ። 3-0። በደርሶ መልስ 4-3 ማለት ነው። ቅያሪ ተጫዋች የሚባል ነገርም የለም። የደከመውም የተጎዳውም እዚያው ሜዳ ላይ ነው። አንዲት ጎል ብትጨመር 4-4፣ ሦስተኛ ጨዋታ በገለልተኛ ሜዳ።

እኔን ከጠየቃችሁ፣ ከ1956 እስከ 1960 በተከታታይ የመጡት አምስት ዋንጫዎች ታሪክ የሚጀምረው ፓሪስ አይደለም። ያ በረዶ ላይ ነው።

ቀኝ መስመር፦ ከሜዳ ውጪ የገባ ጎልስ አይታሰብም ነበር?

አሮጌ ጋዜጣ፦ ሕጉ ያኔ አልነበረም። ቢኖርስ ምን ያደርጋል? ማን ከሜዳው ውጪ አገባ? እያነበባችሁ ጠይቁ እንጂ።

የሜዳ አህያ፦ ስለ ቡድኑ ትንሽ ቢነግሩን።

አሮጌ ጋዜጣ፦ ‘ትንሽ’ ስንት ነው? ስለ አሰልጣኙ? ስለ በረኛው? ስለ ማልያው? እሺ፣ የፍጻሜው አሰላለፍ። አሎንሶ፤ አቲዬንሳ፣ ማርኪቶስ፣ ሌስሜስ፤ ሙኞስ፣ ሳራጋ፤ ጆሴይቶ፣ ማርሳል፣ ዲ ስቴፋኖ፣ ሪያል፣ ጌንቶ። አሰልጣኙ ሆሴ ቪያሎንጋ፣ 36 ዓመቱ። በዚያ ዕድሜ ይህን ዋንጫ የበላ አሰልጣኝ እስከ ዛሬ የለም። በ1964 ስፔንን የአውሮፓ ሻምፒዮን ያደረገውም እሱ ነው። የሃንጋሪውን አጥቂ ፑሽካሽን የምትፈልጉ ካላችሁ፣ የመጣው በ1958 ነው። እዚህ ዓመት ውስጥ አትክተቱብኝ።

ሌሊት ፈረቃ፦ ጋሼ፣ ከዱባይ ነኝ፣ አሁን ከሥራ መግባቴ ነው። የፍጻሜውን ነገር አመለጠኝ እንዴ?

አሮጌ ጋዜጣ፦ አላመለጠሽም እህቴ፣ እንኳን ደህና ገባሽ። በግማሽ ፍጻሜው ኤሲ ሚላንን ማድሪድ ላይ 4-2 አሸንፈው፣ ሚላን ላይ 2-1 ተሸንፈው፣ 5-4 በሆነ ድምር አለፉ። አያችሁ? እዚህም በአንድ ጎል ነው።

ፍጻሜው ጁን 13 1956፣ ፓሪስ፣ ፓርክ ደ ፕራንስ። ተጋጣሚው የፈረንሳዩ ስታድ ደ ሬምስ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ሬምስ 2-0 መራ፤ ሌብሎንና ታምፕላን። ዲ ስቴፋኖ በ14ኛው አንዱን መለሰ፣ ሪያል በ30ኛው አቻ አደረገ። ከእረፍት በኋላ ሚሼል ኢዳልጎ በጭንቅላት 3-2። ያ ኢዳልጎ በ1984 ፈረንሳይን የአውሮፓ ሻምፒዮን ያደረገው አሰልጣኝ ነው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ማርኪቶስ 3-3። ተከላካይ ነው እኮ! ከኋላ ተነስቶ መጥቶ ነው ያገባው። በ79ኛው ሪያል ደገመና 4-3። ዳኛው እንግሊዛዊው አርተር ኤሊስ። እንግሊዞች ክለብ አልላኩም፣ ዳኛ ግን ላኩ።

ሌሊት ፈረቃ፦ ፈረንሳዊው አጥቂ ኮፓ ያን ቀን ለማን ነበር የተጫወተው? ማድሪድ ነበር የሚሉ አሉ።

አሮጌ ጋዜጣ፦ ለሬምስ። ወደ ማድሪድ መሄዱ ግን ከጨዋታው በፊት አልቆለት ነበር። ዛሬ ቢሆን ሶሻል ሚዲያው ይፈነዳ ነበር። ከማድሪድ ጋር ሦስት ዋንጫ በልቶ በ1959 ወደ ሬምስ ተመለሰ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እናመሰግናለን።

የሰፈር በረኛ፦ ቪዲዮ ሊንክ ካለ?

አሮጌ ጋዜጣ፦ የፍጻሜው ቁርጥራጭ ፊልም አለ፣ ፈልግ። ሙሉ ጨዋታ በቀለም ነው ብሎ የሚለጥፍ ካለ አትመነው። የስፔን ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው ራሱ በኦክቶበር 1956 ነው። ስፔናዊው የሰማው በሬዲዮ ነው።

የሜዳ አህያ፦ ዲ ስቴፋኖ ይበልጣል ወይስ ሜሲ?

አሮጌ ጋዜጣ፦ አለፍኩ።

ትርፍ ሰዓት፦ የኛ አገር ኳስ ያኔ የት ነበር ጋሼ?

አሮጌ ጋዜጣ፦ ከስምንት ወር በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 1957፣ ካርቱም ላይ በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ። ፍጻሜ ላይ ለግብፅ 4-0፤ አራቱንም ያገባው አድ-ዲባ ነው። እሱ የራሱ ምሽት ይፈልጋል። ዛሬ አልነካውም።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ቤቶች፣ ዘግይቼ ነው። ማድሪድ ያኔ ሊጉን በስንት ነጥብ ልዩነት ነበር የበላው?

አሮጌ ጋዜጣ፦ ከላይ አለ። አንብብ።

አዲስ ገቢ፦ አነበብኩ፣ ይቅርታ። ግን ነጥቡን በሦስት ሒሳብ ብንሠራው ማድሪድ ከፍ አይልም?

አሮጌ ጋዜጣ፦ መጀመሪያ ላይ ምን ብዬ ነበር የከፈትኩት? ምን ብዬ? እኔ ጨርሻለሁ። ደህና እደሩ።

ነጭ ማልያ፦ አናደዳችኋቸው። ለማንኛውም፣ አውሮፓን የበላ የሊጉን ሦስተኛነት አይቆጥርም።

ባርሳ እስከ ሞት፦ 48፣ 47፣ 38። እኔ ቆጥሬያለሁ።

ነጭ ማልያ፦ ሁለተኛ መውጣት ምን ያኮራል?

ባርሳ እስከ ሞት፦ ከሦስተኛ ይሻላል።